ይሞታል፣ ይደክማልም

ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ
ጥቅምት 8 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለደረሳ ጋሮማ
አርጆ

አከም ጅርታ ደሬ? ነጋ ዳ? ሚስትህ፣ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ያ ተናካሽ ውሻህ ሳይቀር ፈያ ናችሁ? ስለ ጉልበቴ ለጠየቅከኝ፣ ደረጃ ስወጣ ይጮኻል፣ ስወርድ ዝም ይላል። ይኸው ነው፤ ደግመህ አትጠይቀኝ። የአባባ ወገብስ እንዴት ሆነ?

በአማርኛ መጻፌን አትታዘበኝ። ቀኑን ሙሉ በቁቤ፣ በላቲኑ ሆሄ፣ ስጽፍ እውላለሁ፤ ግን እኔና አንተ በፊደል ተቆንጥጠን ያደግን ነን፣ ስናደድ እጄ የሚሮጥልኝ በፊደል ነው። ዛሬ ደግሞ ተናድጃለሁ። የእናንተ ስልክ ከጠፋ ወዲህ ንዴቴን የማወርድበት ጆሮ አጥቼ፣ ይኸው በጂሩ አይሱዙ፣ ከሸዋርጋ ሱቅ ሳሙናና ስኳር ጋር አስጭኜ እልክልሃለሁ።

ነገሩ መጽሐፈ ኢዮብ ነው። አባባ ዓይናቸው ሳይደክም ወደ አፋን ኦሮሞ የመለሱትን ረቂቅ እያረምን ምዕራፍ አሥራ አራት ደርሰናል። ዛፍ ቢቆረጥ ውኃ ሲሸተው መልሶ ያቆጠቁጣል የሚለውን ታስታውሰዋለህ። ከዚያ ቀጥሎ ሰው ግን፣ ይላል፤ አባባ "ኒ ዱአ፣ ኒ ላፋ" ብለው ጽፈውታል። ይሞታል፣ ይደክማልም።

የዕብራይስጡ ቃል "ሐላሽ" ነው። ግስ ሆኖ በመላው ብሉይ ኪዳን ሦስት ቦታ ብቻ ይገኛል። በሁለቱ ቦታ አንዱ ሌላውን የሚጥልበት፣ የሚያዳክምበት ነው፤ ጣይም ወዳቂም አለ። እዚህ ግን ጣይ የለም። ሰውየው ሞተ፣ ከዚያ ደከመ። እኔ በቃሉ ላይ ሦስት መዝገበ ቃላት ገልብጫለሁ፤ ሦስቱም "ደከመ" ይሉና ጥለውኝ ይሄዳሉ።

የትርጉም ጉባኤያችንን ሰብሳቢ ኦቦ ተረፋን ታውቃቸዋለህ፣ የቀድሞው የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው፣ "ሰው ደክሞ ይሞታል እንጂ ሞቶ ይደክማል እንዴ? ሬሳ ሥራ አለበት?" አሉ። ጉባኤው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቄ አመለጠኝ፣ በኋላ ነው የተናደድኩት። ቃሉን እናገላብጠው ነው የሚሉት፤ መጀመሪያ ይደክማል፣ ቀጥሎ ይሞታል። ለሰሚ ይቀናዋል ይላሉ።

ሕጋችንን ግን ታውቀዋለህ፣ አባባ ራሳቸው ያወጡት ነው፤ የመጀመሪያው ጸሐፊ በሕይወት ሳለ፣ እሱ ሳይጠየቅ ረቂቁ አይገለበጥም። ስለዚህ ጠይቅልኝ። ለምን እንዲህ ጻፉት? ከአንድ መስመር በላይ አልፈልግም። በኅዳር መጨረሻ ድምፅ ይሰጣል፣ ከዚያ ወደ አታሚ ይሄዳል። የአባባን ቃል ማንም ሲያሾፍበት ማየት አልፈልግም፤ መልሱ ግን ከእሳቸው መምጣት አለበት።

እህትህ ሊሊሴ


አርጆ፣ ጥቅምት 21 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለታላቅ እህቴ ለሊሊሴ ጋሮማ
ነቀምቴ

ኦቦሌቲ ኮ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ጎረቤቶችሽስ? አቶ ሸዋርጋ ደህና ናቸው? የቤተ ክርስቲያን እናቶች እንደ ድሮው ይጠይቁሻል? እኛ ሁላችን እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ልጆቹ ትምህርት ጀምረዋል። ማሽላው ደህና ነው፣ ጦጣ ቢያስቸግርም።

ቶሎ አለመጻፌን ይቅር በይኝ። ቤቱ ሰው በዝቶበታል፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል፣ ለመጻፍ ቁጭ የምልበት ጥግ እንኳ አጥቼ ነው።

ስለ አባባ ለጠየቅሽኝ፣ ደብዳቤሽ ሲደርስ ተኝተው ነበር። በማግስቱ ሄጄ አነበብኩላቸው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ የጉልበትሽን ነገር ሳይቀር። አልመለሱም። ወገባቸውን አሁን አያማቸውም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ማታ ማታ ማን አብሮሽ ያድራል? ብቻሽን አትሁኚ። ከቤተ ክርስቲያን አንዷን ሴት ለምኛትና ለጥቂት ጊዜ እንኳ አብራሽ ትሁን። ምክንያት የለኝም፤ ጊዜው ጥሩ ስላልሆነ ነው።

ወንድምሽ ደረሳ


ነቀምቴ፣ ኅዳር 3 ቀን 2015 ዓ.ም.

ደረሳ፣

ሰላምታውን ሁሉ እንደ ጻፍኩት ቁጠረው፤ ዛሬ ትዕግሥቱ የለኝም።

አልመለሱም ማለት ምን ማለት ነው? ሰምተው ዝም አሉ? ሳይሰሙ ቀሩ? ተቆጡ? ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ? ሰው አንድ ነገር ያደርጋል እኮ! እኔ የምጠይቅህ ስለ አንድ ግስ ነው፣ አንተ የምትመልስልኝ ስለ ጦጣ ነው። ማሽላህ ደህና ስለሆነ ደስ ብሎኛል። አሁን ወደ ግሱ እንመለስ?

ደግሞ ምን ሆናችኋል ሁላችሁም? ጂሩ ድሮ ደብዳቤውን እጄ ላይ ሰጥቶ፣ የአርጆን ወሬ ሁሉ ዘክዝኮ፣ ሻይ ጠጥቶ ነበር የሚሄደው። አሁን ሸዋርጋ ሱቅ ወርውሮት ይፈረጥጣል። ባለፈው መንገድ ላይ ብይዘው ጫማውን እያየ "ሁሉም ሰላም ነው" አለኝና መኪናው ውስጥ ገባ። ሸዋርጋም ያው ነው። ደብዳቤህን ሊሰጠኝ ሲል ከውስጥ ወንበር አወጣልኝና "ተቀምጠሽ አንብቢው" አለኝ። ስንት ዓመት ጨው ስገዛ ቆሜ ነው የኖርኩት! አንብቤ እስክጨርስ ድረስ ደንበኛ አላስተናገደም፣ ፊቴን ሲያይ ነበር። ጨርሼ "ጦጣ አስቸግሯቸዋል" ስለው ትልቅ ትንፋሽ አወጣ። ሰውየው አርጅቷል መሰለኝ።

ማን አብሮሽ ያድራል ላልከው፣ ባሌ ከሞተ ወዲህ ማንም አብሮኝ እንደማያድር ታውቃለህ። አሁን ምን ታየህ? ይልቅ እኔው እመጣለሁ። ጂሩ ከስኳሩ ጎን ያስቀምጠኝ፣ ራሴ ፊታቸው ቆሜ እጠይቃቸዋለሁ።

እስከዚያው ይህን ለእሳቸው አንብብላቸው። ሳትቀንስ፣ ድምፅህን ከፍ አድርገህ፦

አባባ፣ ሊሊሴ ነኝ። ለአርጆ ሕዝብ ሁሉ ቃል አለዎት። ልጁ ሩቅ አገር ለሞተበት ሰው ጎህ ሳይቀድ በሩን የሚያንኳኩት እርስዎ ነበሩ። ማንም መናገር የማይችለውን መርዶ እርስዎ ይናገሩት ነበር፣ ሰውየውንም ይዘውት ይቀመጡ ነበር። ለእኔ ታዲያ አንድ መስመር ያንስብዎታል? ለምን "ይሞታል"ን አስቀደሙ? ተሳስተው ከሆነም "ተሳስቻለሁ" ይበሉኝ፣ እኔ እሸከመዋለሁ። ዝምታዎን ግን መሸከም አልቻልኩም። ተረፋ ባየኝ ቁጥር "መልስ መጣ?" ይለኛል። አፍሬአለሁ አባባ።

በቃ። ይህን አንብብና የሚሉትን ጻፍልኝ። የሚሉትን!

ሊሊሴ


አርጆ፣ ኅዳር 12 ቀን 2015 ዓ.ም.

ኦቦሌቲ ኮ፣ እንደምን አለሽልኝ?

ሰላምታሽን ባትጽፊውም ተቀብያለሁ። ለአባባ የጻፍሽውን ሳልቀንስ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው። ንፋስ ስለነበር ወረቀቱን በሁለት እጄ ይዤ ነው። "አፍሬአለሁ አባባ" ያልሽው ጋ ስደርስ ጥቂት ቆምኩ፣ ከዚያ ጨረስኩት። አልተቆጡም። አልመለሱም።

ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ ወይ ብለሽኛል። አልነቀነቁም። የጆሮ ነገርም አይደለም፣ ሳይሰሙ ቀሩ ያልሽውን ተይው።

አንድ መስመር ከራሴ አውጥቼ "አባባ እንዲህ አሉ" ብዬ ብጽፍልሽ ሁላችንም በተገላገልን ነበር። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ተቀምጬም ነበር፣ አልዋሽሽም። ግን ያላሉትን አሉ ብዬ አልጽፍም፤ ለሌላ ሰው ባደርገው እንኳ ለእሳቸው አላደርገውም። ስለዚህ አታስጨንቂኝ፣ እህቴ። እባክሽን።

እመጣለሁ ያልሽውን እርሺው። ኬላው ጭነት እንጂ ሰው አያሳልፍም፤ ጂሩንም አታስቸግሪው፣ ረዳቱን እንኳ አስወርደውበታል። መንገዱ እንደተከፈተ እኛ እንመጣለን፣ እኔና ሁለት የአባባ ጓደኞች፣ ሦስት ሆነን። ያኔ ሁሉንም በአፌ እነግርሻለሁ።

ብቻዬን ነው የማድረው ያልሽው አላስደሰተኝም።

ወንድምሽ ደረሳ


ነቀምቴ፣ ኅዳር 25 ቀን 2015 ዓ.ም.

ደረሳ፣

ድምፅ ተሰጠ።

ኦቦ ተረፋ እንደ ልማዳቸው መነጽራቸውን ሰቅለው "ከቄስ ጋሮማ መልስ መጣ?" አሉ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ምን ልበል? "ተነቦላቸዋል፣ አልመለሱም" አልኩ፣ ልክ አንተ እንደምትጽፈው። "ስንት ጊዜ?" አሉ። "ሁለት ጊዜ" አልኩ። "እንግዲህ ተጠይቆ ዝም ያለ ሰው ተስማምቷል" አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ሕጉ እንደዚያ ይላል፤ እሱንም አባባ ናቸው ያወጡት።

ከዚያ እጅ ይውጣ ተባለ። እና ደሬ፣ እኔም አወጣሁ።

አዎ፣ እኔ። ይገላበጥ ብዬ። ተረፋን ስለፈራሁ አይደለም። ያን ዝምታ ስለጠላሁት ነው። በልጅነቴ ፊደል ያስቆጠሩኝ፣ ሲያረጁ ዓይን ሆኜ ያነበብኩላቸው ሰው፣ አንድ ጊዜ ብጠይቃቸው፣ ሁለት ጊዜ ብጠይቃቸው፣ እንደ ግድግዳ! እልህ ያዘኝ። ካልመለሱ ይቅርባቸው አልኩ። አሁን ጥቅሱ "ኒ ላፋ፣ ኒ ዱአ" ሆኗል። ደክሞ ይሞታል። ለሰሚ ይቀናል። ደስ አይበላቸው!

ይህንንም ሄደህ አንብብላቸው። ሊሊሴ እጇን አወጣችብዎት በላቸው። ምናልባት ይህ ያናግራቸው እንደሆነ።

ሦስት ሆነን እንመጣለን የምትለውም አልገባኝም። ሦስት ምን ልትሆኑ? ሽማግሌ ሆናችሁ ልትላኩብኝ ነው? በዚህ ዕድሜዬ ባል አገኛችሁልኝ? ብትመጡም ባትመጡም ለእኔ አንድ ነው። በሬ ክፍት ነው፣ ቡና ግን አላፈላም።

ሊሊሴ


አርጆ፣ ኅዳር 30 ቀን 2015 ዓ.ም.

እህቴ፣

የመጨረሻውን ደብዳቤሽንም አነበብኩላቸው። ስላወጣሽው እጅ ራስሽን አትቀጪ፤ ይህን እንደ ትእዛዝ ያዥልኝ።

መንገዱ ከሰኞ ጀምሮ ለሰው ይከፈታል ብለዋል። ማክሰኞ ወደ ሥራ አትሂጂ። ጠዋት በማለዳ ቤትሽ ሁኚ። ሰኞ ማታ የሸዋርጋ ባለቤት አንቺ ጋ መጥታ ታድራለች፤ ለምን ብለሽ አትጠይቂያት፣ ጋቢ ብቻ ስጫት።

ደረሳ


ነቀምቴ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለደረሳ
አርጆ

አከም ጅርታ፣ ደሬ? ሽማግሌዎቹ በሰላም ገቡ? የኦቦ ቀነአ እግር ያን ሁሉ መንገድ ቻለው? የሁለቱንም ጉልበት ሳምልኝ። እንቅልፍ ይወስድሻል ወይ ላልከው፣ አንዳንድ ቀን ይወስደኛል። የሸዋርጋ ሚስት እስከ አሁን አልሄደችም፤ ታንኮራፋለች፣ ግን አልከፋኝም።

አሁንም ተናድጄብሃለሁ። አባባ ጥቅምት 11 ቀን ሞቱ፣ የመጀመሪያው ደብዳቤዬ ገና ሸዋርጋ ሱቅ ስኳር እየጠበቀ ነበር። ከዚያ ወዲያ የጻፍኩትን ሁሉ የጻፍኩት አፈር ውስጥ ላለ ሰው ነው። ለምን በአንድ መስመር "አርፈዋል" አላልከኝም ብዬ ስንት ቀን በልቤ ሰደብኩህ። ደግሞ አውቃለሁ። ብትጽፍልኝ ኖሮ ሸዋርጋ ሱቅ በር ላይ ቆሜ፣ ጨው በእጄ ይዤ፣ ብቻዬን ነበር የማነበው። አባባ "መርዶ በወረቀት አይላክም፤ ወረቀት የወደቀ ሰው አያነሣም" ይሉ የነበረውን ያን ጠዋት በሩ ሲንኳኳ፣ ሦስታችሁን በተርታ፣ ሸዋርጋንም ከኋላችሁ ሳይ ነው ያስታወስኩት። አፋችሁን ሳትከፍቱ ገባኝ። እንደወደቅኩም ሳላውቅ ይዛችሁኛል። ስለዚህ ትክክል ነህ። ትክክል መሆንህ ራሱ ያናድደኛል።

ያ የማንበብህ ነገር ግን! ውሸት ላለመጻፍ ብለህ፣ ደብዳቤዬን ይዘህ መቃብር ድረስ ሄደህ፣ በንፋስ ላይ ድምፅህን ከፍ አድርገህ! ምነው ደሬ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ቢያዩህ "ለሙታን ያነባል" ብለው ከማኅበር ያግዱህ ነበር። መጀመሪያ ስትነግረኝ አለቀስኩ፣ ከሄዳችሁ በኋላ ብቻዬን ሆኜ ሳቅሁ። ስለ ጉልበቴ ሳይቀር አንብበህላቸዋል!

አሁን ዋናውን ስማ።

ባለፈው ረቡዕ ኦቦ ተረፋ ለሁለተኛ ጊዜ ሊያጽናኑኝ መጡ። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ብዙ ተቀመጡ። አባባን ይወዷቸው ነበር፣ አልክድም። እኔ ግን ለቅሶውን ትቼ ስለ ጥቅሱ ጠየቅኋቸው። "ኦቦ ተረፋ፣ ያ ድምፅ ይነሣ። ስንጠይቃቸው ሞተው ነበር፤ ዝምታቸው መስማማት አልነበረም" አልኳቸው።

"ልጄ" አሉኝ፣ "ሕጉ የመጀመሪያው ጸሐፊ በሕይወት ሳለ ነው የሚለው። በሕይወት ከሌለ ሥልጣኑ የጉባኤው ነው። ጉባኤው ደግሞ ወስኗል። አንቺም አውጥተሻል።"

"አውጥቻለሁ። እሳቸው ቢኖሩ ግን እምቢ ይሉ ነበር።"

"ቢኖሩማ! እኔም እኮ በፊታቸው አልደፍረውም ነበር።" ባርኔጣቸውን አዞሩት። "ምን ላድርግ ሊሊሴ? የሞተ ሰው እጁን አያወጣም።"

ደሬ፣ ያን ሲሉ ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣብኝ። ለአገሩ ሁሉ መርዶ ያደርሱ የነበሩ ሰው የራሳቸውን መርዶ ከአርጆ ነቀምቴ ማድረስ አልቻሉም። ስኳር በኬላው አለፈ፣ የእሳቸው ወሬ አላለፈም። ልጃቸው ሰደበቻቸው፣ መልስ የለም። የገዛ ሕጋቸውን አምጥተን የገዛ ቃላቸውን ገለበጥንባቸው፣ ዝም። በሕይወት ሳሉ መነጽራቸውን ሲያነሡ ተረፋ ይቀመጥ ነበር፤ አሁን ማንም የፈለገውን ያደርጋቸዋል። እንዲህ ደክመው አይቻቸው አላውቅም። ታመው እንኳ እንዲህ አልደከሙም።

"ምን አሉ?" አልኳቸው።

"የሞተ ሰው እጁን አያወጣም አልኩ።"

"እስቲ እሱን በአንድ ግስ ይጻፉልኝ።"

መነጽራቸውን አወለቁና በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት። የሸዋርጋ ሚስት ሻይ አምጥታ አስቀመጠች፣ አላዩትም። ብዙ ቆይተው፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው፣ "ኒ ላፋ" አሉ። ከዚያ "ሞቶ ነው የሚደክመው ለካ" አሉና ሳይሰናበቱኝ ተነሥተው ወጡ። ሐሙስ ጠዋት ረቂቁን ከአታሚው አስመለሱት። ጉባኤውን ጠርተው ሁላችንንም ዳግመኛ እጅ አስወጡን፤ የራሳቸውን ከሁሉ ቀድመው አወጡ። ጥቅሱ አባባ እንደጻፉት ነው የሚታተመው። ይሞታል፣ ይደክማልም።

ደስ ብሎኛል ብዬ ልጽፍልህ ፈልጌ ነበር፣ አልሆነልኝም። አባባ ይህን አስበው ይሁን፣ ሌላ ነገር አስበው ይሁን፣ ወይ እጃቸው አምልጧቸው ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ዕብራይስጡን ከእኔ በላይ የሚያውቁ ሰዎች ነገ ተነሥተው "አይደለም" ሊሉኝ ይችላሉ። እኔ የፈለግኩት ከእሳቸው አንድ መስመር ነበር። አንድ መስመር! እሱ ያንገበግበኛል፣ ምናልባትም እስክሞት። ጥቅሱ ተመለሰ፣ እጄን ግን እንዴት አድርጌ እንደምመልሰው አላወቅሁም። ባወጣሁት ጊዜ የት ነበሩ? አርጆ፣ አፈር ውስጥ፣ ምንም ሊሉኝ በማይችሉበት።

ስለዚህ ይህንንም ወስደህ አንብብላቸው። ጥቅሱ ተመልሷል፣ ሊሊሴ እጇን አውርዳለች በላቸው። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎቹ እንዳያዩህ ተጠንቀቅ።

እህትህ ሊሊሴ


አርጆ፣ ታኅሣሥ 28 ቀን 2015 ዓ.ም.

ኦቦሌቲ ኮ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ? አትጠይቀኝ ብለሻል፣ ጠየቅሁሽ።

እኛ ደህና ነን። ማሽላው ተሰብስቧል፣ ጦጣዎቹ የድርሻቸውን ወስደዋል። ኦቦ ቀነአ እግራቸው አብጦ ነበር፣ ተሽሏቸዋል፤ ጉልበት መሳምሽን ስነግራቸው መረቁሽ። ስልክ ለጥምቀት ይመለሳል የሚል ወሬ አለ፤ ቢመለስም ደብዳቤ መጻፍሽን አትተዪ።

መቃብሩ ላይ ሣር በቅሏል። ትናንት ጠዋት ደብዳቤሽን ይዤ ሄድኩ። ማንም አልነበረም፣ ንፋስም አልነበረም። ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው፣ ኦቦ ተረፋ ያሉትንም፣ ስለ እጅሽ የጻፍሽውንም ሁለት ጊዜ።

አልመለሱም።

ወንድምሽ ደረሳ